ያልነደደው የአራስ እንጨት

እማማ ጸሐይን የማውቃቸው በጠቅላላው አራት ቀንና አንድ ከሰዓት ነው። በአራቱም ቀን ደግሞ አብዝቼ ያየሁት እሳቸውን ሳይሆን ታብሌቴን ነበር። ስለዚህ ስለ እሳቸው ልጽፍ ስነሣ «አንቺ ደግሞ ምን አውቀሽ?» የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀየመውም፤ እውነቱን ነው። ቢሆንም የማውቀውን ያህል ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ነገሩ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ ለማንም ሳልናገር ተሸክሜው ዞሬያለሁ።

ስሜ ውዳሴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ነው። አባቴ አስተማሪ ነው፤ እናቴ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላት። ስታትስቲክስ ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጬ፣ የእናቴ ሱቅ ደንበኞች ወሬ በቃኝ ስል መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። መረጃ ሰብሳቢ ማለት የማያውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ «ስንት ናችሁ? ምን በላችሁ? በምን አበሰላችሁ?» እያለ የሚጠይቅ፣ ሲጨርስ ሁለት ሳሙና ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። በክትባት ጥናት ሠራሁ፣ በውኃ ጥናት ሠራሁ። ከዚያ የቤተሰብ የኃይል ፍጆታ ጥናት መጣ።

ኃይል ሲባል ሰው መብራት ብቻ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር፤ ዲላ ላይ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ልቆጥር ነው የምሄደው ብዬ ለጓደኞቼ ቀልጄ ነበር። ሥልጠናው ሐዋሳ ላይ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መቶ ስልሳ ጥያቄ ነው። ትናንት ማታ ስንት ሰዓት መብራት ነበራችሁ? ሶላር አላችሁ? ስልክ የት ታስሞላላችሁ? ምድጃው ሦስት ጉልቻ ነው ወይስ የተሻሻለ? ማድ ቤቱ መስኮት አለው? እንጨት የሚለቅመው ማን ነው፤ ሄዶ ለመመለስስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ራሱ እዚያ ትርጉም አለው፤ ከአንድ ድስት የሚበሉ ሁሉ ማለት ነው። ደግሞም አንዱ ቤት ለራሱ ብቻ አይናገርም። በዕጣ የወጣ ስለሆነ፣ ዕጣ ላልደረሳቸው ለብዙ መቶ ቤቶች ጭምር ነው የሚናገረው። ይህን አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ነበር። እኔም ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ።

ከጥያቄው ሌላ ሚዛን አለ። ሰውን በቀን ስንት እንጨት ታነዳለህ ብትዪው አያውቅም፤ ማንስ ያውቃል? «አንድ ሸክም» ይልሻል፤ የማን ሸክም እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ በየሠፈሩ ከሚጠየቁት ቤቶች መካከል ጥቂቶቹ ተመርጠው እንጨታቸው ይመዘናል። በመጀመሪያው ቀን ለሦስት ቀን የሚበቃ ክምር ታስለዪና ትመዝኛለሽ። ቤተሰቡ እንደ ወትሮው ያበስላል፣ ይሞቃል፤ የሚያነደው ግን ከዚያ ክምር ብቻ ነው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰሽ የተረፈውን ትመዝኛለሽ። የጎደለው የነደደው ነው። እንዲህ እያልሽ ሦስት ቀን። ይህን ለመሥራት ብልህ መሆን አያስፈልግም፤ ማስረዳት ብቻ ነው። የምታስረጂውም ቢሆን ታብሌቱ ላይ በአማርኛም በጌዴኦኛም ተጽፎልሻል፤ አንድ ገጽ ነው፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ማንበብ ነው።

ተቆጣጣሪያችን ተክለማርያም ክፉ ሰው አይደለም። ጥፋቱ ሰንጠረዥ መውደዱ ነው። በየቀኑ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የማን መረጃ ስንት ስህተት እንዳለበት ይለጥፍልናል። ከእኔ ስም ፊት ለፊት ለአሥራ ሁለት ቀን ዜሮ ነበር። ከሥሩ «ውዳሴን እዩ» ብሎ ይጽፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላያት ልጅ ነኝ፤ ወደድኩት። ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ የማየው እሱን ነበር።

ደግሞ ስህተት ሲባል ውሸት ማለት እንዳይመስላችሁ። ስህተት ማለት ታብሌቱ ያልጠበቀው ቁጥር ነው። አንድ ቤት ቀኑን ሙሉ ምንም አላነደደም ብለሽ ብትጽፊ ቀይ ይበራል፤ ተክለማርያም ይደውላል፤ ምዝናው ይሰረዝና ሦስቱን ቀን እንደገና ትጀምሪያለሽ። ስድስት ኪሎ ተኩል ብለሽ ብትዋሺ አረንጓዴ ነው፤ እለፊ ይልሻል።

ኢዲዶ የምትባለው የገጠር ቀበሌ የገባነው ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሰማይና ምድሩን ሲያደበላልቅ ነው። የምናድረው ይርጋጨፌ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ጠዋት በሞተር እንወጣለን፤ ሞተሩ ጭቃው ላይ እምቢ ሲል ወርደን በእግር። የእማማ ጸሐይ ቤት ዕጣው ያወጣት ሰባተኛዋ ቤት ናት፤ ከቡናውና ከእንሰቱ መሃል ገባ ብላ ያለች፣ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ ደጇ ግን ጠዋት ማታ የሚጠረግ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ደረስኩ።

እማማ ጸሐይ ስልሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የልጃቸውን ሹራብ የለበሱ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴቱን ያቀላቅላል እንጂ ነገር አይስታቸውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ ብልሽቱን ፍሬ ሲለቅሙ ከየአገሩ ከመጣው ሠራተኛ ጋር ያወሩት ነው። ባላቸው አቶ ደበበ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ ልጃቸው እዮብ ሐዋሳ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለችው የእዮብ ሚስት ሩሃማ ናት፤ አራስ ነች፤ ሕፃኗ ከተወለደች ስምንተኛ ቀኗ ነበር። እኔም «ከአንድ ድስት የሚበሉ፣ ሁለት፤ ጡት የምትጠባ፣ አንዲት» ብዬ ሞላሁ።

እንጨት ላይ ስደርስ «ለሦስት ቀን የሚበቃ እንጨት አለዎት?» አልኳቸው።

ወደ ሩሃማ መኝታ ዞር ብለው አዩና ወደ ውስጥ ገቡ። ከቆጡ ላይ እያወረዱ በእቅፍ በእቅፍ ያወጡት ጀመር። ደረቅ እንጨት ነው፤ ሲጋጭ ይጮሃል። በዚያ ሰሞን ከየቤቱ የመዘንኩት ሁሉ እርጥብ፣ ቅርፊቱ የሻገተ ነበር። «ይህን ለመልቀም ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?» አልኳቸው፤ ጥያቄው ስላለ።

«ሁለት ወር» አሉ። «ለሩሃማ ነው። አራስ በጭስ አይተኛም ብዬ ከየካቲት ጀምሬ ትንሽ ትንሽ አስቀመጥኩ።»

ታብሌቱ የሚቀበለው በደቂቃ ነው። ዘጠና ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ።

ሚዛኑ መንጠቆ ያለው ተንጠልጣይ ሚዛን ነው፤ ከቤቱ አግዳሚ ላይ ሰቀልነው። እማማ ጸሐይ ቀረብ ብለው ቀስቱን አዩት። «ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት» አልኩ። «ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት» ብለው ደገሙ። ክምሩን በሰማያዊ ገመድ አሰርኩት፤ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍኩበት። ከዚህ በኋላ ነበር ያቺ ገጽ የመጣችው። እንደ ወትሮው ያብስሉ፣ እንጨቱ የእርስዎ ነው፣ የሚያነዱት ከዚህ ክምር ነው የምትለዋ ገጽ። በአውራ ጣቴ ገፋኋት። አሥራ ሦስተኛው የምመዝነው ቤት ነበር። ያችን ገጽ ማንበብ አንገሽግሾኛል፤ ዝናቡ መጥቷል፤ ሞተረኛው ከታች ክላክስ ያደርጋል። ሰበብ ለሚፈልግ ሰበብ ሞልቷል።

«የት ትቀመጥ?» አሉኝ እንጨቱን እያሳዩ።

«እዚሁ ይሁን፤ ዝናብ እንዳይነካው ብቻ። ነገ መጥቼ እመዝነዋለሁ» አልኳቸው። ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው።

ከእሳቸው ዝቅ ብሎ የጎረቤታቸው የአቶ ሰብስቤ ቤትም ይመዘን ነበር። እዚያ ግን አስተማሪ የሆነች ሴት ልጃቸው «ከተመዘነ በኋላስ ምን እናድርገው?» ብላ ስለጠየቀችኝ በደንብ አስረዳሁ። የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ጎበዝ ነኝ።

ሮብ ረፋዱ ላይ እማማ ጸሐይ ቤት ተመለስኩና ክምሩን ሰቀልኩት። ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት። ሚዛኑ ነው ብዬ አውርጄ እንደገና ሰቀልኩት፤ ያው ነው። ምናልባት ለአራሷ ጎረቤት ምግብ እያመጣላት ይሆናል አልኩ በሆዴ። ምናልባት ከሌላ እንጨት አንድደው ይሆናል፤ ግን ይህን ብጠይቅና አዎ ቢሉኝ ምዝናው ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ አልጠየቅኩም። ታብሌቱ ላይ ሃያ አራት ነጥብ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ኪሎ ተኩል ነደደ ማለት ነው። ቁጥሩን ከባዶ አልፈጠርኩትም፤ ሌላ ሠፈር ከመዘንኩት ቤት የወሰድኩት ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ነበረኝ።

አረንጓዴ በራ።

ሐሙስ ስመጣ ገና ከሩቅ ቤቷ ትጨስ ነበር። በቆርቆሮው ሥር፣ በበሩ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል። አጥሩ ጋ ስደርስ ሁለት የተቆረጡ የቡና ግንዶች አየሁ። ጉቶው ገና ነጭ ነው፤ ቅርንጫፉ መሬት ላይ ተጥሏል፤ ቅርንጫፉ ላይ ገና ክብሪት ራስ የምታክል ፍሬ አለች። ያረጀ ቡና እንዲያድስ ይጎነደላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ፍሬ የያዘ ቡና ግን ጌዴኦ ውስጥ ማንም በጤናው አይቆርጥም። ለማገዶ ደግሞ ምን ያደርጋል፤ እርጥብ ነው፤ ጭሱን እንጂ እሳቱን አታገኚውም።

እማማ ጸሐይ ዓይናቸውን በሹራባቸው እጅጌ እየጠረጉ ወጡ። ከኋላቸው ሩሃማ ስትስል ይሰማኛል። አጠገቤ ቆሙና ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እንጨቷን አልነካናትም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዲላ ያደገ ሰው ነኝ፤ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ቡና ባለበት አገር ሚዛን ማለት የነገር መጨረሻ ነው። ገበሬው ቀይ ቡናውን ይዞ ይመጣል፤ እስኪመዘን ድረስ የራሱ ነው፤ ቀስቱ ቆሞ ቁጥሩ ከተጠራ በኋላ የገዢው ነው። ከዚያ ወዲያ እጁን ወደ ጆንያው አይመልስም፤ መሬት የወደቀውንም አያነሣም። እማማ ጸሐይ ይህን ሕግ ይዘው ነው ያረጁት። እኔ ደግሞ መጥቼ እንጨታቸውን ሰቀልኩ፣ ቁጥሩን ጠራሁ፣ በገመዴ አስሬ ወረቀት ለጠፍኩበት፣ ዝናብ እንዳይነካው ብዬ አዘዝኳቸው። ምን እንዲያስቡ ነበር የምጠብቀው? ለአራሳቸው ሁለት ወር የሰበሰቡትን ወስጄባቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንደ ሰው አደራ ጠብቀውልኛል።

መናገር ነበረብኝ። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ «የእርስዎ ነው፣ ያንድዱት።» ግን ብናገር ቀዩ ይበራል፤ የሮቡ ውሸቴ ይወጣል፤ ዜሮዬ ይጠፋል፤ በዚያ ጭቃ ሌላ ሦስት ቀን እመላለሳለሁ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሳቸው ፊቴን እያዩ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ከዚያም አሥራ ስምንት ነጥብ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ «በሚበስልበት ጊዜ በቤቱ ውስጥ ጭስ አለ?» ይላል። ዓይኔ እያለቀሰ «መጠነኛ» የሚለውን ነካሁ።

ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነበር። የተቆረጡት ቡናዎች አራት ሆነዋል። ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ድምፅዋ ይቆራረጣል። ለመጨረሻ ጊዜ መዘንኩ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ዋሸሁ፤ ገመዱን ፈታሁና «አሁን ይጠቀሙበት» አልኳቸው። ሁለት ሳሙና ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ተባረኪ» አሉኝ። ሞተሩ ላይ ስወጣ ወደ ኋላ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ሥራው ሲያልቅ ሐዋሳ ላይ ስብሰባ ተደረገና ለመረጃ ጥራት ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ሦስት ሰው ብቻ ነው የተሸለመው። እናቴ በፍሬም አሠርታ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከገብርኤል ሥዕል አጠገብ ሰቀለችው። አውርጂው ብላት «ደግሞ ትሕትና ጀመረሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የልጄ ነው» ትላለች። እኔ ቡናዬን ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ዘንድሮ የካቲት ላይ ሪፖርቱ ወጣ። ስልኬ ላይ አውርጄ በጠረጴዛው ሁሉ ላይ ፈለግኩ። የገጠር ቤተሰብ በቀን ለአንድ ሰው ይህን ያህል እንጨት ያነዳል የሚል ቁጥር አለ፤ ነጥብ አለው፣ የእርግጠኝነት መጠን አለው፣ የግርጌ ማስታወሻ አለው። የእኔ ስድስት ኪሎ ተኩል እዚያ ውስጥ አለች። ለእማማ ጸሐይ ብቻ ሳይሆን ዕጣ ላልደረሳቸው ለእነዚያ ሁሉ ቤቶች ትናገራለች። ልለያት ብሞክር አልቻልኩም፤ ቀልጣ ገብታለች።

ለተክለማርያም ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ገጿን መግፋቴን፣ ሦስቱንም ቁጥር። «ውዳሴ፣ አንድ ቤት ምንም አይለውጥም፤ ዳታውም ተዘግቷል» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ደግ ሰው ስለሆነ «አትጨነቂ» አለኝ። አንድ ሳምንት ያህል ቀለል አለኝ። በሳምንቱ ግን የደወልኩት ለተሳሳተው ሰው መሆኑን ተረዳሁ። ተክለማርያም ጭስ ውስጥ አልተኛም። ይቅር ብሎኝ ከሆነም እሱ ያልተበደለውን ነው ይቅር ያለኝ።

መጋቢት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኢዲዶ ሄድኩ። ለእናቴ ይርጋጨፌ ጓደኛዬን ልጠይቅ ነው ብያት ነው። አጥሩ ጋ ስደርስ አራቱ ጉቶዎች አሉ። ከሁለቱ ቀጭን ቀጭን ቡቃያ ወጥቷል፤ ሁለቱ ደርቀዋል።

ሩሃማ ደጁ ላይ ልብስ ታጥፋለች። ሕፃኗ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ አየችኝ። ደህና ናት፤ ጉንጯ የሞላ፣ ዓይኗ ንቁ። ይህን በዓይኔ ሳይ ሳልጋበዝ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሩሃማ አስታወሰችኝ። አማቷ ከጸሎት ቤት እስኪመለሱ ጠብቂ ብላ ውኃ ሰጠችኝ።

«ያኔ ስታለቅስ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር» አልኩ ወደ ሕፃኗ እያመለከትኩ።

«እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ባሰባት። ይርጋጨፌ ስድስት ቀን ተኛን፤ ኦክስጅን አደረጉላት» አለች ሩሃማ። ይህን ስትል ልብሱን ማጠፍ አላቆመችም።

«ከጭሱ ይሆን?»

«ማን ያውቃል። ብርዱም ነበረ።»

ማን ያውቃል የሚለው መልስ እኔን አያድነኝም፤ አዎ ብትለኝ ይሻል ነበር።

አማቷ እንጨቱን ላለመንካት ለምን ያን ያህል እንደጨከኑ ጠየቅኳት። ሩሃማ የነገረችኝ ይህ ነው። እማማ ጸሐይ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ እዮብን በጀርባቸው አዝለው፣ ቡና ሊሸጡ ሄዱ። ቡናው ተመዘነ፣ ቁጥሩ ተጠራ። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ቀይ ቡና መሬት ፈሰሰ። ልጁ ያለቅስ ስለነበር ሁለት ፍሬ አንሥተው ጣፋጩን እንዲመጥ አፉ ላይ አደረጉለት። ገዢው አያቸውና «ሌባ» ብሎ ጮኸ። ሰልፉን ሁሉ አቁሞ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሁለቱን ፍሬ ከልጁ አፍ አስወጣቸው። ያኔ የነበሩ ሰዎች ዛሬም በሠፈሩ አሉ። እማማ ጸሐይ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቡና መሃል ሠሩ፤ አንዲት ፍሬ ጠፋች ተብሎ በስማቸው ተነሥቶ አያውቅም። ጸሎት ቤት እንኳ እህል ሲሰበሰብ፣ መመዘን ሲጀመር ፈቀቅ ብለው ይቆማሉ።

«ሚዛን የያዘ ሰው ካልፈቀደላት በቀር አትነካም» አለች ሩሃማ። «እኔም ለምኜያታለሁ።»

እማማ ጸሐይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። እጄን ጨብጠው፣ እጃቸውን ሳይለቁ የእናቴን ጤና፣ የአባቴን ጤና፣ የመንገዱን ነገር ጠየቁኝ። ቀድመው ከጠየቁኝ በኋላ መናገር ከበደኝ። ቢሆንም የመጣሁት ለዚህ ነበር።

«እማማ» አልኳቸው፤ «ያ እንጨት ከመጀመሪያውም የእርስዎ ነበር። የመዘንኩት ምን ያህል እንደሚያነዱ ለማወቅ ነው እንጂ ልወስደው አልነበረም። ይህን መንገር ሥራዬ ነበር፤ ሰንፌ ዘለልኩት። ሐሙስ ዕለት አልነካናትም ሲሉኝ ደግሞ ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ስለራሴ ብዬ ነው። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

በጨርቅ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«እንጨቷ የኛ እንደሆነ። ሮብ ማታ የሰብስቤ ልጅ መጣች። እኛ እያነደድን ነው፣ እናንተ ለምን በጭስ ታልቃላችሁ አለችኝ።»

ሩሃማ ልብሱን አስቀምጣ ቀና አለች። እሷም ይህን ገና መስማቷ እንደሆነ ፊቷ ያስታውቃል።

«ታዲያ ለምን አላነደዱትም?» አልኳቸው።

«ሚዛን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ አፍ ልስማ ብዬ ነዋ። ሐሙስ ስትመጪ አልነካናትም ብዬ ፊትሽን አየሁት። ገብቶሻል። ደንግጠሻል። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ብለሽ ጻፍሽ።» ቁጣ የለባቸውም፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስለው። «እንግዲህ ይሄ ልጅ የፈለገው እንደዚህ ነው አልኩ። ብነካው ሥራው ይበላሽበታል፣ ይባረራል አልኩ። አንቺም የሰው ልጅ ነሽ፤ እናት አለሽ። አንድ ቀን ነው የቀረው ብዬ ሁለት ቡና ጨመርኩ።»

ሐሙስ ያየኋቸው ጉቶዎች ሁለት ነበሩ። ዓርብ አራት። የኋለኞቹ ሁለቱና ያ የመጨረሻው ቀን ጭስ፣ አለማወቃቸው ያመጣው አልነበረም፤ ለእኔ ተብሎ የተደረገ ነው። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ዕንባው እንኳ አልመጣልኝም።

እማማ ጸሐይ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ዓመቱን ሙሉ ሊጠይቁኝ ፈልገው የሚጠይቁበትን ያጡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ታዲያ ሥራሽን ተቀበሉሽ?»

«ተቀበሉኝ» አልኳቸው።

«ጌታ ይመስገን» አሉ፤ «እንግዲያው በከንቱ አልሆነም።»